ምንም የማያደርገው ጀግና፦ የ1953ቱ ታሚልኛ «ዴቫዳስ»

ለእኛ ሰው የህንድ ፊልም ማለት የቦምቤ ፊልም ማለት ነው። «ማዘር ኢንዲያ»ን እያየ በነጠላው ጫፍ ዕንባውን የጠረገው ትውልድ፣ ከቦምቤ በስተደቡብ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ተዋንያንና በራሱ ዜማ የሚኖር ሌላ የፊልም አገር እንዳለ ብዙም አልሰማም። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ የዚያ አገር ነው። በ1953 ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ላይ የተሠራው ታሚልኛው «ዴቫዳስ» (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ይህን ፊልም የመረጥኩት አንድ ነገር ስለሚከነክነኝ ነው። የመጽሐፉ ዋና ሰው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድም ቁም ነገር አይሠራም። ያመነታል፣ ይዘገያል፣ ይጠጣል፣ ይሞታል። ይህን ሰው፣ ፈረስ የሚጋልብና ጎራዴ የሚመዝ ጀግና ለለመደ ተመልካች ምን አድርገው አቀረቡለት?

ከመጽሐፉ ልጀምር። ሳራት ቻንድራ ቻቶፓድያይ በ1876 ቤንጋል ውስጥ ሁግሊ አካባቢ ተወለደ። «ዴቭዳስ»ን የጻፈው ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ ነው፤ የታተመው ግን በ1917 ነው። በመካከሉ ደራሲው ከአሥር ዓመት በላይ በርማ፣ ራንጉን ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጥሮ ኖሯል። መጽሐፉን ለማሳተምም አልቸኮለም፤ የጎረምሳነት ሥራው አድርጎ ያፍርበት ነበር። ያፈረበት ነገር ከሌሎቹ ሥራዎቹ ሁሉ በላይ ስሙን ይዞ ቀረ።

ታሪኩ ታልሶናፑር በምትባል መንደር ይጀምራል። ዴቭዳስ የባለርስት ልጅ ነው፤ ፓርቫቲ ደግሞ የጎረቤት ልጅ። አብረው ተምረዋል፣ አብረው ተደብቀዋል፤ እሱ ሲመታት እሷ ስትሸፍንለት አድገዋል። ሁለቱም ከብራህማን ወገን ናቸው፤ ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የፓርቫቲ ቤተሰብ ሴት ልጅ ሲድር ገንዘብ የሚቀበል ቤት ነው፤ የዴቭዳስ ወገን ይህን «መሸጥ መለወጥ» ብሎ ይንቃል። የፓርቫቲ አያት ነገሩን ለዴቭዳስ እናት ብታነሳው ከንቀት በቀር ያገኘችው መልስ የለም። ልጅቱ ግን ከአያቷም ከአባቷም ትደፍራለች። በእኩለ ሌሊት ብቻዋን ተነሥታ የዴቭዳስ መኝታ ክፍል ትገባለች፤ «እግርህ ስር ቦታ ስጠኝ» ነው ነገሩ። በዚያ ዘመን ይህን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ የእኛ አገር አንባቢ አስረጂ አያስፈልገውም። ዴቭዳስ አይችልም። ካልካታ ይሄድና ከዚያ የሚያቀዘቅዝ ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ደብዳቤው ገና መንገድ ላይ ሳለ ይጸጸታል። ሲመለስ እሷ ለሌላ ታጭታለች፤ ትልልቅ ልጆች ላሉት ሚስቱ የሞተችበት ባለርስት። ኩሬ ዳር ይገናኛሉ። ኩራቷ ሲያናድደው በያዘው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ግንባሯን ይመታታል። በዕድሜው ሙሉ የወሰደው ብቸኛ ቁርጥ ያለ እርምጃ ይህ ነው፤ ጠባሳው ዘላለም ግንባሯ ላይ ይኖራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ካልካታ፣ ቹኒላል የሚባል ጓደኛ፣ ቻንድራሙኪ የምትባል አዝማሪና ሴተኛ አዳሪ፣ ጠርሙስ። ሊሞት ሲቃረብ በልጅነታቸው የገባላትን ቃል ያስታውስና በባቡር፣ ከዚያም በበሬ ጋሪ ወደ ፓርቫቲ ባል መንደር ይጓዛል። ደጃፉ ላይ ካለው ዛፍ ስር ያርፋል፤ ማንነቱን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ይሞታል። እሷ የሰማችው ከመሸ በኋላ ነው። ልትወጣ ስትሮጥ ያዟት። ደራሲው በመጨረሻው አንቀጽ ከታሪኩ ይወጣና አንባቢውን በቀጥታ ይለምናል፤ እንዲህ ያለ ዕድለ ቢስ ካጋጠማችሁ ጸልዩለት ይላል።

አሁን ይህን ፊልም አድርጉት ብትባሉ የመጀመሪያው ችግር ያ የመጨረሻው ልመና ነው። መጽሐፉ የሚሠራው ተራኪው ለዴቭዳስ ስለሚያዝንለት ነው። ተራኪውን ካወጣችሁት የሚቀረው ሀብታም፣ ሰካራም፣ ሴት የሚመታ ሰው ነው። ካሜራ ደግሞ እንዲህ ብሎ አይለምንም።

የማድራሶቹ ሰዎች ጉዳዩን የጀመሩት ከባዶ አይደለም። በ1928 ድምፅ አልባ «ዴቭዳስ» ነበር። በ1935 ፕራማቴሽ ባሩዋ በካልካታው ኒው ቴአተርስ በቤንጋሊኛ ሠራው፤ በ1936 ያው ስቱዲዮ በሂንድኛ ሲሠራው ኬ. ኤል. ሳይጋል ተወነበት፣ ዘፈነበትም። ከዚያ በኋላ ህንድ ውስጥ ዴቭዳስ የሚባለው ሰው የሳይጋልን ድምፅ ይዞ ኖረ። በ1937 ፒ. ቪ. ራኦ የመጀመሪያውን ታሚልኛ «ዴቫዳስ» ሠራ፤ ሳይጋል ራሱ ለዚያ ፊልም በታሚልኛ ዘፍኗል። ስለዚህ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህን ታሪክ የሚነካ ሰው ከመጽሐፉ በፊት የሚገጥመው አንድ ድምፅ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጥላሁን የዘፈነውን ሌላ ሰው ሲዘፍነው ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አስቡት።

መጽሐፉም በደቡብ የተዋወቀ ነበር። በተለይ ቴሉጉኛ (ሌላው የደቡብ ህንድ ቋንቋ) ተናጋሪው አንባቢ ሳራትን የራሱ ደራሲ እስኪመስለው ድረስ በትርጉም ያነበው ነበር። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የያዘው ቻክራፓኒ ነው፤ ኋላ የቪጃያ ስቱዲዮ ባለቤትና ፕሮዲዩሰር የሆነው። ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ማዳናፓሌ ሳናቶሪየም ተኝቶ ሳለ ነው ቤንጋሊኛን የተማረው። በእንዲህ ያለ የሕመም አልጋ ላይ የተማረ ቋንቋ አንድ ደራሲ ለሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ባለ ሕዝብ ቤት እንዲገባ አደረገ።

ፊልሙን የሠራው ቪኖዳ ፒክቸርስ የሚባል የጓደኛሞች ድርጅት ነው። ፕሮዲዩሰሩ ዲ. ኤል. ናራያና፣ የቴሉጉኛውን ጽሑፍና ግጥም የጻፈው ሳሙድራላ፣ ዳይሬክተሩ ቬዳንታም ራጋቫያ፣ የዜማው ሰው ሲ. አር. ሱብራማን። ራጋቫያ ከኩቺፑዲ ጭፈራ የመጣ ሰው ነው፤ ሰውነት ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚናገር የሚያውቅ። ካሜራውን የያዘው ቢ. ኤስ. ራንጋ ነው። እቅዳቸው ያው ፊልም በቴሉጉኛም በታሚልኛም እንዲሠራ ነበር፤ የቴሉጉኛው ስም «ዴቫዳሱ»።

ሁለት ቋንቋ ማለት ድምፅ መቀየር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያን ጊዜ የማድራስ ልማድ ያው ቤት፣ ያው መብራት፣ ያው ተዋናይ ሆኖ ትዕይንቱ ሁለት ጊዜ ይቀረጽ ነበር፤ አንዴ በዚህ አፍ፣ አንዴ በዚያ። ነገሩ ከከተማዋ ተፈጥሮ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ታሚልኛ ተናጋሪ ፊልም የሚባለው የ1931 «ካሊዳስ» ላይ እንኳ ሴቷ በታሚልኛ ስትናገር ወንዱ በቴሉጉኛ ይመልስላታል፤ ተመልካቹም ተቀብሎታል። በ1952 ግን ያ ወንድማማችነት እየሻከረ ነበር። ቴሉጉኛ ተናጋሪዎች የራሳችን ክፍለ ሀገር ይሰጠን አሉ፣ ማድራስም የኛ ናት አሉ። ፖቲ ስሪራሙሉ የሚባሉ ሰው በዚህ ጥያቄ ጾመው ዲሴምበር 15 ቀን 1952 ማድራስ ላይ ሞቱ፤ ረብሻ ሆነ። የአንድራ ክፍለ ሀገር የተቋቋመችው ኦክቶበር 1 ቀን 1953 ነው፤ ማድራስ ለታሚሎቹ ቀረች። ታሚልኛው «ዴቫዳስ» የወጣው ሴፕቴምበር 11 ቀን፣ ልክ ሃያ ቀን ሲቀረው ነው። ቤንጋሊ የጻፈውን፣ ቴሉጉዎች የሠሩትን ታሪክ የታሚል ተመልካች ገንዘቡን ከፍሎ ያለቀሰበት ሃያ ቀን ነው ይህ። ሰው ሲጣላም ዕንባው ከጎረቤቱ ጋር አንድ ነው ለማለት አይደለም፤ የገበያው ሁኔታ እንዲህ ነበር ለማለት ነው።

ሥራው ቀላል አልሆነም። ተጀምሮ ቆመ። ለፓርቫቲ መጀመሪያ የታሰበችው ጃናኪ ነበረች፤ በመጀመሪያ ፊልሟ ስም «ሳውካር ጃናኪ» እየተባለች የምትጠራው። ሥራው ሲነሣ ቦታው ለሳቪትሪ ሆነ። ሳቪትሪ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነች፤ በ1951 «ፓታላ ባይራቪ» ላይ በአንድ ጭፈራ ብቅ ብላ የጠፋች፣ በ1952 ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ያገኘች። ለቻንድራሙኪ ላሊታ ተመረጠች፤ ከሦስቱ የትራቫንኮር እህትማማቾች ታላቋ፣ ጨፋሪ።

ትልቁ ጥርጣሬ የወረደው ግን ዴቫዳስን የሚጫወተው ላይ ነው። አኪኔኒ ናጌሽዋራ ራኦ፣ ሰው ሁሉ ኤ. ኤን. አር የሚለው፣ የገበሬ ልጅ ነው። በቴአትር መድረክ የሴት ቦታ እየተጫወተ አድጎ፣ ቪጃያዋዳ ባቡር ጣቢያ ላይ አንድ ፕሮዲዩሰር አይቶት ወደ ፊልም የገባ። ስሙን ያገኘው በ«ባላራጁ»ና በ«ኪሉ ጉራም» ነው፤ የተረት ጀግና፣ አስማተኛ የሚያሸንፍ። እንዲህ ያለው ልጅ የሳይጋልን ቦታ? ብለው የሳቁ ብዙ ናቸው።

ስለ ስካሩ የሚነገረው ነገር ደስ ይለኛል። የስካር ትዕይንቶቹ በአብዛኛው በሌሊት ተቀረጹ፤ ተዋናዩ ማታ በእርጎ የታሸ ሩዝ ጠግቦ ይበላና እንቅልፍ እየጎተተው ካሜራ ፊት ይቀመጣል። የዓይን ሽፋኑ ክብደት የአረቄ ሳይሆን የእርጎ ነው። ፊልሙን ስታዩ ይህን ልብ በሉ፤ አይንገዳገድም፣ አይጮህም፣ ሰካራም የሚጫወቱ ሰዎች የሚያበዙትን ነገር ሁሉ አያደርግም። ዝም ብሎ ከዓለም እየራቀ የሚሄድ ሰው ይመስላል። ምንም የማያደርግ ጀግና ማሳየት ለተቸገረ ፊልም ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፤ አለማድረጉን ራሱን ወደ ዓይን አመጡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፤ ስለ ፊልሙ የሚያወራ ሰው ብዙም አያነሳውም። ይህን ሰካራም ያየው ሕዝብ መጠጥ የተከለከለበት ሕዝብ ነው። በማድራስ ግዛት የመጠጥ ክልከላ በ1937 ከሳሌም ወረዳ ጀመረ፤ በ1948፣ በጋንዲ ልደት ቀን ኦክቶበር 2፣ መላውን ግዛት ሸፈነ። ሳሌም ላይ የጀመሩት ራጃጎፓላቻሪ በ1952 ተመልሰው ዋና ሚኒስትር ሆነዋል፤ ሲኒማንም ቢሆን የሚወዱ ሰው አልነበሩም። እንግዲህ ማድራስ ወይም ማዱራይ ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ሰው በሕግ አንድ ብርጭቆ ማግኘት የማይችል ሰው ነው። ሰው በድብቅ አልጠጣም አልልም፤ የትም አገር ጠማቂ አይጠፋም። ግን በግልጽ፣ በብርጭቆ፣ በጠርሙስ፣ ያውም ሀብታም ሰው ለሁለት ሰዓት ሲጠጣ ማየት የተለየ ትርጉም ይኖረዋል። ካልካታ ላለው ሰው የዴቭዳስ ጠርሙስ የከተማ ልማድ ነበር። ማድራስ ላለው የሌላ ዓለም ዕቃ ነው፤ ሰውዬውን ከመንደርም ከሕግም ከሰውም ያወጣው ነገር። መጽሐፉ ውስጥ በብዙ ገጽ የሚነገረውን መገለል ክልከላው በአንድ ብርጭቆ ጨረሰው። እንዲህ ያለ እርዳታ ከመንግሥት የሚጠብቅ ፊልም ሠሪ የለም።

አሁን ወደ ዜማው። ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው።

ሱብራማን የተወለደው በ1924 ነው። በሃያዎቹ ዕድሜው የደቡብ ፊልም ዜማ አውራ ከሆኑት አንዱ ነበር፤ ታሚልኛውንም ቴሉጉኛውንም ይሠራል። ለዚህ ፊልም ዜማዎቹን እየሠራ ሳለ ጁን 27 ቀን 1952 ሞተ፤ ገና የ28 ዓመት ሰው። ያልተጨረሱ ሥራዎቹን ረዳቶቹ ወሰዱ፤ ኤም. ኤስ. ቪስዋናታንና ቫዮሊን ተጫዋቹ ቲ. ኬ. ራማሙርቲ። ቪስዋናታን በአንድ የፊልም ድርጅት ውስጥ ተላላኪ ሆኖ የጀመረ ልጅ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከዚያ በኋላ እስከ 1965 ድረስ አብረው ሠርተው የታሚል ፊልም ዜማን መልክ ቀየሩት፤ በአንድ ሰው ቀብር ማግስት የተጀመረ ማኅበር ነው ማለት ይቻላል። ቴሉጉኛው ፊልም የወጣው ጁን 26 ቀን 1953 ነው። ሱብራማን ከሞተ ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው።

የዴቫዳስን ዘፈን በሁለቱም ቋንቋ የዘፈነው ጋንታሳላ ነው። ከሁሉ የቀረው «ኡላጌ ማያም፣ ቫዝቬ ማያም» የሚለው ነው፤ በቴሉጉኛ «ጃጋሜ ማያ»። የቪስዋናታን ዜማ ነው የሚባለው፤ የአለቃውን ፊልም ለመጨረስ የተቀመጠ ረዳት ያወጣው ማለት ነው። ቃሉን ወደ አማርኛ ላምጣው ብዬ ብዙ ታግያለሁ። «ዓለም ከንቱ፣ ኑሮም ከንቱ» ቢባል መክብብ ይሆናል፤ ለእኛ ጆሮ ይጥማል፣ ግን ልክ አይደለም። ከንቱ ነገር አለ፤ ዋጋ የለውም እንጂ አለ። «ማያ» ግን መጀመሪያውኑ የሌለ፣ ያለ የሚመስል ነገር ነው። ምትሃት የሚለው ይቀርበዋል። «ዓለሙ ምትሃት፣ ኑሮው ምትሃት።» ጺሙ የበቀለ፣ ነጠላ መሳይ ልብስ የተከናነበ ሰው ውሻ አጠገቡ አድርጎ ይህን ይዘፍናል። ያ ምስል፣ ጺም፣ ኩታ፣ ውሻ፣ በቴሉጉዎችና በታሚሎች ዘንድ ያፈቀረ ጎረምሳ መቀለጃ ሆኖ እስካሁን አለ፤ ሰው ሲያዝን ካዩት «ምነው ዴቫዳስ ሆንክ» ይሉታል።

ይህ ዘፈን የመጽሐፉን የመጨረሻ አንቀጽ ሥራ የሚሠራ ይመስለኛል። ተራኪው አንባቢውን «እዘኑለት» ይል ነበር። ፊልሙ ያን ልመና ከተራኪው ወስዶ ለራሱ ለዴቫዳስ ሰጠው፤ ያውም ልመና መሆኑን አጥፍቶ። ሰውዬው «እዘኑልኝ» አይልም፤ «የምታዝኑለት ነገር የለም፣ ሁሉም ምትሃት ነው» ይላል። ሲኒማ ቤቱ ያለቀሰው ስለዚህ ነው።

ሌላም ዘፈን አለ፤ አንድ ዜማ ለሁለት ሕዝብ ሁለት ነገር የሚናገርበት። ቴሉጉኛው «ቀኝ ግራ ቢሆን ስህተት የለውም» እያለ ይፈላሰፋል፤ የተሸናፊ ሰው መጽናኛ ነው። በዚያው ዜማ ታሚልኛው «ከቆረጥክ በኋላ፣ ልቤ ሆይ፣ አትዘን» ይላል። የታሚሉ ዴቫዳስ ራሱን ይገሥጻል፤ ያላደረገውን ነገር እንዳደረገ አድርጎ። አልቆረጠም እኮ! የታሪኩ መከራ ሁሉ የመጣው ባለመቁረጡ ነው። ግጥም ጸሐፊው ሆን ብሎ ይሁን አይሁን፣ ሰውዬው ለራሱ የሚዋሸውን ውሸት ዜማ ውስጥ አስገብቶታል። እኔ ከቴሉጉኛው ይልቅ ታሚልኛውን የምመርጠው በዚህ አንድ መስመር ነው።

ይህ ሁሉ የሆነበትን ጊዜም ማሰብ ያስፈልጋል። ከአንድ ዓመት በፊት፣ ኦክቶበር 1952፣ «ፓራሳክቲ» ወጥቶ የታሚል ፊልምን አናውጦት ነበር። ቃለ ተውኔቱ የካሩናኒዲ፤ አዲሱ ተዋናይ ሲቫጂ ጋኔሳን ፍርድ ቤት ቆሞ ማኅበረሰቡን ሲከስ ሰው ንግግሩን በቃሉ ያጠና ነበር። ያን ጊዜ የታሚል ጀግና የሚናገር ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቤት የሚመታ፣ የሚያስጨበጭብ ንግግር። በዚያ ጩኸት መካከል አፉን የማይከፍት ሰው መጣ። የሚገርመው ኡዱማላይ ናራያና ካቪ ለሁለቱም ፊልሞች ግጥም ጽፏል። ያው ገበያ፣ ያው እጅ፣ ሁለት ዓይነት ሰው። ዴቫዳስ በፍርድ ቤት ቢቆም ኖሮ የሚለው ነገር አይኖረውም ነበር፤ ዘፈን ግን ነበረው።

የጎደለውንም ልናገር። የፓርቫቲ ቤት «ሸያጭ ለዋጭ» መባሉ፣ ያ ትንሽ መርዝ፣ ከቤንጋል ሲወጣ ይደበዝዛል፤ በፊልሙ ነገሩ ወደ ተለመደው የሀብታምና የድሃ ጉዳይ ይጠጋል። መጽሐፉ ውስጥ ዴቭዳስን ያሸነፈው ድህነቷ ብቻ አልነበረም፤ በገዛ ወገኑ ፊት የመዋረድ ፍርሃት ነው። ቻንድራሙኪም በላሊታ ጭፈራ ደምቃለች፤ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ሁሉን ትታ ገጠር ገብታ የምትኖረውን፣ ከዴቭዳስ ሁሉ በላይ ቆራጥ የሆነችውን ሴት የሚያህል ቦታ አላገኘችም። ሳቪትሪ በአንጻሩ ያገኘችውን ቦታ ሁሉ ሞላችው። ኩራቷ ከፍቅሯ እኩል ይታያል፤ ያ ግንባር ሲመታ ተመልካች የሚቆጣው ለዚህ ነው።

ፊልሙ በሁለቱም ቋንቋ ገንዘብም ስምም አገኘ። ከዚያ በኋላ ማድራስ ወደ ቤንጋል መጻሕፍት ደጋግማ ተመለሰች፤ የሳራት ሌሎች ልብ ወለዶችም በታሚልኛና በቴሉጉኛ ፊልም ሆኑ። በ1955 ቢማል ሮይ፣ በሳይጋሉ የሂንድኛ ፊልም ካሜራ ያዥ የነበረው፣ በሂንድኛ ዲሊፕ ኩማርን ይዞ መጣ። ቻንድራሙኪን የሠራችው የማድራሷ ቫይጃያንቲማላ ናት፤ የ«ረዳት ተዋናይት» ሽልማት ሲሰጣት ቦታዬ ከፓርቫቲ አያንስም ብላ አልቀበልም አለች። ላሊታ ይህን ስትሰማ ምን እንዳለች ማወቅ እወድ ነበር።

ኤ. ኤን. አር እስከ 2014 ኖረ። በ1981 «ፕሬማቢሼካም» በሚል የቴሉጉኛ ፊልም ላይ እንደገና ተመሳሳይ ሰው ተጫወተ፤ በካንሰር የሚሞት፣ ያፈቀራት ሴት እንድትጠላው ብሎ ሴተኛ አዳሪ ቤት የሚመላለስ። በ1982 ፊልሙ ከማል ሀሰንን ይዞ በታሚልኛ ተሠራ። ለታሚልኛው የተሰጠው ርዕስ «ቫዝቬ ማያም» ነው።